የባዮጋዝ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት አፈሩን እንመርምር
ለጉኑኖና ለአካባቢው የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

ከመሬት ውስጥ የሚገኝ ሙቀት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ፍል ውሃንና እንፋሎትን ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በአሉቶ ላንጋኖ ከጥልቅ ጉድጓድ በሚወጣ እንፋሎት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የተሠራው ጣቢያ በ1998 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሯል። በቀዝቃዛ አገሮችም ሰዎች በግቢያቸው ቧንቧ ቀብረው፣ በኤሌክትሪክ መሣሪያ እየታገዙ፣ የአፈሩን ሙቀት ወደ ቤታቸው ያስገባሉ። ይህ ለጉኑኖ ገበሬ አይሆነውም። የእርሱን ቤት የሚያስጨንቀው የብርድ ሳይሆን የማገዶ ጉዳይ ነው።

ይሁን እንጂ አፈሩ ለጉኑኖም ቤት የሚሰጠው የሙቀት አገልግሎት አለ። ጉኑኖ የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ወደ አፈሩ ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ ሲባል ግን የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ሊጠፋ ይቃረባል፤ 2 ሜትር ላይ ዓመቱን ሙሉ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም የማይርቅ ሙቀት ይገኛል። እበትን አብላልተው ጋዝ የሚሠሩት ረቂቅ ሕዋሳት በጣም የሚስማማቸው 35 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም፣ በ20 ዲግሪ አዝግመው ይሠራሉ። የሚጎዳቸው ቀን እየሞቁ ሌሊት መቀዝቀዝ ነው። የባዮጋዝ ማብላያ ከመሬት በታች የሚሠራበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ባዮጋዝ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2009 እ.ኤ.አ. በአራት ክልሎች ሥራ ሲጀምር ወላይታ የነበረበት የያኔው የደቡብ ክልል አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተሠሩት ማብላያዎች ብዙዎቹ ሲያገለግሉ፣ ሥራ ያቆሙም አሉ። ማብላያ ሥራ የሚያቆመው ብዙውን ጊዜ እበት ወይም ውሃ ሲያጥር፣ ወይም ቦታው ሳይመረመር ተቆፍሮ ግንቡ ሲሰነጠቅ ነው። ለሲሚንቶ የወጣ ገንዘብ ደግሞ ከመሬት ተቆፍሮ አይመለስም። ስለዚህ ከቁፋሮ በፊት ሊታዩ የሚገባቸውን ነገሮች ቀጥለን እንገልጻለን።

እበቱ የእንሰቱ አይደለምን?

የልማት ሠራተኛው በመጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ ይህ ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በወላይታ ከቤት አጠገብ ያለው እንሰትና ቡና የሚበቅልበት ዳርኳ ለም የሆነው ለትውልድ በተጨመረበት እበት ነው። ራቅ ያለው ሾቃ ያን ስለማያገኝ ሲደክም ይታያል። እበቱን ደርቆ የሚያነድ ቤት የእንሰቱን ምግብ በእርግጥ ያቃጥላል።

ማብላያው ግን እንዲህ አይደለም። ከእበቱ ወጥቶ የሚነደው በተለይ ካርቦንና ሃይድሮጂን ነው። እንሰቱ የሚፈልጋቸው ናይትሮጂን፣ ፎስፎረስና ፖታሲየም በዝቃጩ ውስጥ ይቀራሉ። ነገር ግን ዝቃጩ ፀሐይ ላይ ከተተወ ናይትሮጂኑ ይተናል፤ ወደ ጅረት ከፈሰሰ ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ ዝቃጩ ወደ ዳርኳው የሚደርስበት መንገድ ካልታቀደ የቤተሰቡ ጥርጣሬ እውነት ይሆናል።

ከአፈሩ በፊት ከብትና ውሃ

ሂሳቡ ቀላል ነው። በቤት የሚያድር አንድ የአገር ከብት በቀን 10 ኪሎ ግራም ገደማ እበት ይሰጣል ብንል አራት ከብቶች 40 ኪሎ ይሰጣሉ። ይህ በ40 ሊትር ውሃ ሲበጠበጥ በቀን 80 ሊትር ይሆናል። በጉኑኖ አፈር ሙቀት እበቱ 50 ቀን ያህል እንዲቆይ ቢታቀድ 4,000 ሊትር ወይም 4 ሜትር ኩብ ቦታ ያስፈልጋል። የጋዝ ማጠራቀሚያው ሲጨመርበት 6 ሜትር ኩብ የሚሆን ማብላያ ማለት ነው። አንድ ኪሎ እበት 30 ሊትር ገደማ ጋዝ ቢሰጥ በቀን 1,200 ሊትር ይገኛል። በሰዓት 400 ሊትር ለሚፈጅ ምድጃ ይህ የሦስት ሰዓት እሳት ነው፤ ስኳር ድንች፣ ጎደሬና ወጥ ለማብሰል ይረዳል።

ማብላያውን ማስፋት ጋዙን አያበዛም፤ ጋዙን የሚያበዛው እበቱ ነው። ሁለት ከብት ብቻ ላለው ቤት፣ ወይም ከብቶቹ ለርቢ የተሰጡ ሆነው ነገ ባለቤታቸው ሊወስዳቸው ለሚችል ቤት፣ ይህ ማብላያ አይመከርም። በየቀኑ 40 ሊትር ውሃ የሚቀዳው ማን እንደሆነም እናትየዋና ልጃገረዶቹ ባሉበት ይጠየቅ። የማገዶ ሸክም በውሃ ሸክም ከተተካ ምን ጥቅም ተገኘ?

አፈሩን መለየት

በጉኑኖ አብዛኛው መሬት ጥልቅ ቀይ የሸክላ አፈር ነው፤ የአፈር ባለሙያዎች ኒቲሶል ይሉታል። ውሃን በደንብ ያሳልፋል፣ ሲቆፈርም በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለማብላያ ተስማሚ ነው። ቢሆንም እያንዳንዱ ግቢ በሚከተለው አኳኋን ይመርመር።

1. በየካቲት ወር ደረቅ ሳለ መሬቱ ይታይ። እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያለበት ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በላዩ የተሠራውንም ግንብ ይሰነጥቃል። እንዲህ ያለው ቦታ ይተው።

2. የቤቱ አዛውንቶች ይጠየቁ። የድሮ ቆጮ ጉድጓድ፣ የተደፈነ መጸዳጃ ቤት ወይም የምስጥ ኩይሳ የነበረበት ቦታ የት እንደሆነ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የተሞላ አፈር እኩል ስለማይረጋ ግንቡን ያዘነብላል።

3. የመሞከሪያ ጉድጓድ ይቆፈር። ጥልቀቱ ማብላያው ከሚደርስበት በ50 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። ዐለት ከተገኘ ቦታ ይቀየር።

4. ውሃው በጊፋታ ሰሞን ይታይ። በመስከረም፣ ክረምቱ ሊያበቃ ሲል፣ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ይላል። የመሞከሪያው ጉድጓድ ከዝናብ ተከድኖ ይደር፤ ጠዋት ውሃ ከተጠራቀመበት ቦታው አይሆንም። ውሃ እንደ ጀልባ ባዶውን ማብላያ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ደግሞም ቀዝቃዛና እርጥብ አፈር የማብላያውን ሙቀት ይወስዳል። በጥር ደረቅ የታየ ጉድጓድ ማስረጃ አይሆንም።

ቦታውን መምረጥ

የወላይታ ቤት ፊቱን ወደ ሣሩ ሜዳ፣ ጀርባውን ወደ እንሰቱ ሰጥቶ ይሠራል። ማብላያው ከከብቶቹ ማደሪያ አጠገብ፣ ከእንሰቱ ከፍ ብሎ፣ ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ ቢሆን ዝቃጩ በራሱ ቁልቁል ይወርዳል። ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 2 ሜትር፣ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 15 ሜትር ይራቅ። ሥሩ ግንብ የሚሰነጥቅ ባሕር ዛፍ በአጠገቡ አይኑር። የጋዝ ቧንቧው ባጠረ መጠን ወጪውም የሚያፈስበትም ቦታ ያንሳል።

ጉኑኖ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚያገኝ ተዳፋት አገር ነው። የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚሁ ቦታ ጣቢያ አቋቁሞ የአፈሩን መታጠብ ይለካ የነበረውም በከንቱ አይደለም። ከጉድጓዱ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ሳይወጣ ቁፋሮ አይጀመር።

ቁፋሮና አሞላል

ቁፋሮው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይሁን። ጥቁሩ የላይ አፈር ለብቻው ይከመርና ወደ ዳርኳው ይመለስ፤ ቀዩ የታች አፈር ለመሙያ ይቀመጥ። የወጣው አፈር ከጉድጓዱ አፍ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ፤ አለዚያ ክብደቱ ጠርዙን በቆፋሪዎቹ ላይ ይንደዋል። ዙሪያው ለሕፃናት ሲባል ይታጠር።

ግንቡ ከደረቀ በኋላ በዙሪያው ያለው ክፍተት አፈር እየተጨመረ፣ በጥቂት ውሃ እየረጠበ፣ እየተጠቀጠቀ ይሞላ። በጉልላቱ ላይ ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር አፈር ይጫን። ይህ አፈር ሁለት ሥራ አለው፤ በክብደቱ የጋዙን ግፊት ይቋቋማል፣ የሌሊቱንም ብርድ ይከላከላል። ዝናብ ካጠበው ወዲያው ይተካ።

ለመጀመሪያው ሙሌት 2,000 ኪሎ ግራም ገደማ እበት ስለሚያስፈልግ፣ አራት ከብት ያለው ቤት ብቻውን ለመሰብሰብ 50 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ስብሰባው ቁፋሮ ሲጀመር ይጀመር፤ ጎረቤትም በደቦ ይርዳ።

ብርቱ ማስጠንቀቂያ

አገልግሎት ላይ ወደ ዋለ ማብላያ ማንም ሰው አይግባ። ባዶ ቢመስልም በውስጡ የሚቀረው ጋዝ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። የወደቀውን ሊያወጣ የሚገባም አብሮ ይሞታል። ጋዝ የሚያፈስበት ቦታ በሳሙና አረፋ ይፈለግ እንጂ በክብሪት ፈጽሞ አይሞከር።

የልማት ሠራተኛውና የማኅበሩ ድርሻ

የልማት ሠራተኛው ሥራ የማብላያዎችን ቁጥር ማብዛት አይደለም። ከብቱ፣ ውሃውና አፈሩ የማይመች ሆኖ ሲያገኘው “እዚህ አይሠራ” ብሎ መመለስና የተሻሻለ የማገዶ ምድጃ ማስተማር ሥራውን በሚገባ እንደ ፈጸመ ያስቆጥረዋል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩም ሲሚንቶና ቧንቧ በአንድነት ቢገዛ፣ መቆፈሪያ ቢያውስ፣ የመሞከሪያ ጉድጓዶቹንም ውጤት በመዝገብ ቢይዝ ለቀጣዩ ገበሬ ድካም ያቃልላል። በመስከረም አንድ ቀን ተኩል የወሰደ የመሞከሪያ ቁፋሮ፣ የአንድን ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ ከመሰንጠቅ ያድናል።