የስንዴ ዋግን ሳይቃጠል በቅጠል

በአርሲና በባሌ ደጋ «ዋግ ገባ» የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ የስንዴ አምራቹ ቤተሰብ እንቅልፍ ያጣል። የበሽታው ዘር እንደ ዱቄት የላመ ሆኖ በነፋስ እየተጫነ ከማሳ ወደ ማሳ፣ ከወረዳ ወደ ወረዳ ይዛመታል። ዛሬ አረንጓዴ መስሎ የሚታየው አዝመራ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፍሬው ተጨማድዶ ገለባው ብቻ ሊቀር ይችላል። ለማዳበሪያ የተበደረው ገንዘብ ግን ዕዳ ሆኖ ይቆያል።

ይህ አደጋ በቅርብ ዓመታት በተግባር ታይቷል። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ ተስፋፍቶ «ኩብሳ» እና «ጋላማ» የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች ክፉኛ ጎዳ። በዚህም ምክንያት ብዙ ገበሬዎች ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ወደ «ዲገሉ» ዞሩ። ይሁን እንጂ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት በባሌና በአርሲ ተነሥቶ ዲገሉን ራሱን አጠቃው። አንዱን ዋግ የተቋቋመ ዝርያ በሌላው ሊወድቅ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል። ስለዚህ ከተሻሻለ ዘር ሌላ ፈጣን ወሬ ያስፈልጋል።

ችግሩ የነበረው ወሬው ከነፋሱ መዘግየቱ ነው። የልማት ሠራተኛው ብዙ አባወራዎችን በእግሩ እየዞረ ሲያዳርስ በሽታው ቀድሞት ይሄዳል።

ይህን ክፍተት ለማጥበብ በ2006 ዓ.ም. የ8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር ተከፈተ። አገልግሎቱን የዘረጋው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴር፣ ከኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር በመተባበር ነው። ገበሬው ያለ ክፍያ ደውሎ ቋንቋውንና የሚያመርተውን ሰብል ቁጥር በመጫን ይመርጣል፤ ከዚያም ስለ እርሻ ዝግጅት፣ ስለ አዘራር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ሰብል ጥበቃ የተቀዳውን ምክር ያዳምጣል። ምክሩ በድምፅ በመሆኑ ማንበብ ያልቻለም ይጠቀምበታል። ከዚህም በላይ በሽታ ሲከሰት ማስጠንቀቂያ በያካባቢው ለተመዘገቡ ደዋዮች ይላክበታል።

በ2009/10 የምርት ዘመን ደግሞ የዋግ ትንበያ ሥራ ጀመረ። ባለሙያዎች በማሳ ላይ ያዩትን በእጅ ስልክ ይልካሉ፤ ይኸው ከነፋስና ከዝናብ ትንበያ ጋር በኮምፒዩተር ተቀናጅቶ የዋግ ዘር በሚቀጥሉት 7 ቀናት ወዴት እንደሚነፍስ ይገመታል። በሥራው የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ ከእንግሊዝ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤትና ከዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል ጋር ተባብረዋል።

ሆኖም ስልክ መድኃኒት አይረጭም። ማስጠንቀቂያው የሚጠቅመው የፀረ ፈንገስ መድኃኒቱና መርጫው በአቅራቢያ ሲገኙ ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ገንዘብን በስልክ ለማስተላለፍ ቢያስችልም ሱቁ ባዶ ከሆነ ከንቱ ነው። እንደዚሁም ባትሪ የሚሞላበት መብራትና የስልክ ሞገድ በሌለበት ቀበሌ መልእክቱ አይደርስም። በብዙ ቤት ስልኩ ያለው በባል ኪስ ሲሆን ማሳውን የምታርመውና ቅጠሉን ቀድማ የምታየው ግን ሚስት ናት። እርሷ ያልሰማችው ማስጠንቀቂያ ግማሽ ማስጠንቀቂያ ነው።

በመሆኑም አዝመራው ከማሸቱ በፊት ማሳን በየሦስት አራት ቀኑ እየዞሩ ማየት ይገባል። በቅጠሉ ላይ በመስመር የተደረደረ ቢጫ ዱቄት ቢጫ ዋግን፣ በአገዳው ላይ የሸክላ መልክ ያለው ዱቄት የግንድ ዋግን ያመለክታል። ይህን ያየ ገበሬ ሳይውል ሳያድር ለልማት ሠራተኛውና ለጎረቤቱ ይንገር። ነፋሱ ድንበር አያውቅምና የአንዱ ማሳ መዳን የሚረጋገጠው የጎረቤቱም ሲድን ነው።