የባሮ ሙላትና የመርማሪዎቹ አኃዝ

የባሮ ወንዝ ውሃ በጋምቤላ እየተለካ በመዝገብ መጻፍ የጀመረው በእኛ አቈጣጠር በ1897 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ምድር ከሚፈሱት ወንዞች መካከል ይህን ያህል ዕድሜ ያለው የውሃ መዝገብ ያላቸው እጅግ ጥቂቶች ናቸው። መዝገቡ የተከፈተው ግን ለአገሬው ሰው እርሻና ከብት ታስቦ አልነበረም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈራረሙት ውል፣ በአራተኛው አንቀጽ መሠረት፣ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ ስለ ተሰጠ፣ ከካርቱም የሚመጣው የእንፋሎት መርከብ ሆዱ አሸዋ ሳይነካ ደርሶ የሚመለስበትን ወራት ማወቅ ግድ ሆነ፤ ከዚያም አልፎ የዓባይን ውሃ በሙሉ ለመቍጠር የተነሡት የግብጽና የሱዳን መሐንዲሶች ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚወርደው ድርሻ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ ይሹ ነበር።

መርከቡ የሚመላለሰው ከግንቦት መጨረሻ እስከ ጥቅምት ባለው የሙላት ወራት ብቻ ነበር። በእነዚያ ወራት ከጎሬና ከሳዮ ደጋ በበቅሎ ተጭኖ የወረደው ቡና በጋምቤላ መጋዘን ተከማችቶ ወደ ካርቱም ሲላክ፣ ጨውና ጨርቃ ጨርቅ በአንጻሩ ይመጣ ነበር። ጣቢያው ሱዳን ነጻነቷን ካገኘች በኋላ፣ በጥቅምት 1949 ዓ.ም.፣ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። የመርከቡ ዘመን ካለፈ በኋላም ቢሆን ያ የቈየ መዝገብ ለዛሬ መርማሪ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ክረምት በመጣ ቍጥር ባሮ ምን ያህል እንደ ሞላ የሚመሰክር የታመነ ምስክር ነውና።

ይህ ሙላት ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ዐይንን ከጋምቤላ አንሥቶ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ወለጋና ወደ ሸካ ደጋ ማቅናት ያስፈልጋል። ጎሬ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ተቀምጣ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናም ስትቀበል፣ በ520 ሜትር ገደማ ቈላ ላይ ያለችው ጋምቤላ ግን የዚያን ያህል ዝናም ሳይዘንብባት የደጋውን ዝናም በወንዝ ትቀበላለች። ሶር፣ ገባና ብርብር ከየሸለቋቸው ወርደው ባሮን ሲያጸኑት፣ በደቡብ በኩል አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦ ከጫካው ደጋ ይወርዳሉ፤ ሁሉም በመጨረሻ ከፒቦር ወንዝ ጋር ተገናኝተው ሶባት በሚል ስም ማላካል አጠገብ ወደ ነጭ ዓባይ ይገባሉ። በኢትዮጵያ ወሰን ውስጥ ያለው ይህ የባሮ አኮቦ ተፋሰስ 76,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ሲኖረው፣ በውሃ ብዛት ከአገሪቱ ተፋሰሶች ከዓባይ ቀጥሎ የሚጠራ ነው። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ግዮን እያሉ የሚያነሡት ታላቅ ወንዝ ከጣና በኩል ብቻ የሚመግበው የሚመስለው ሰው ብዙ ስለ ሆነ፣ በማላካል ከሚያልፈው የነጭ ዓባይ ውሃ ግማሽ ያህሉ ከሶባት የሚገኝ መሆኑ ደጋግሞ ሊነገር የሚገባው ነገር ነው።

ከጋምቤላ በታች ምድሩ ሜዳ ነው፤ ከ520 ሜትር ተነሥቶ ደቡብ ሱዳን ወሰን ላይ ወደ 400 ሜትር እስኪደርስ ድረስ ቁልቁለቱ በዐይን አይታወቅም። ከተራራው እየተጣደፈ የወረደው ወንዝ እዚህ ሲደርስ መንገዱ ስለሚሰንፍበት፣ በሐምሌና በነሐሴ ዳርቻውን አልፎ በሜዳው ላይ ይንሰራፋል። በጋምቤላ በአንድ ዓመት በአማካይ 13 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ሲያልፍ፣ ባሮ ከፒቦር በሚገናኝበት ስፍራ ግን የሚለካው ከ10 ቢሊዮን ያንሳል፤ የቀረው በመንገድ ወጥቶ የኢታንግንና የጅካዎን ሜዳ አልብሶ፣ ከዚያም በሰሜን በኩል መቻር ወደሚባለው ሰፊ ረግረግ ገብቶ በፀሐይ ኀይል ወደ ሰማይ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ነው የመርማሪዎች አስተሳሰብ የሚለያየው። የዓባይን ውሃ ለታችኛው አገር የጥጥና የስንዴ እርሻ ሲቈጥር ለኖረው መሐንዲስ፣ በመቻር የሚቀረው ውሃ ሁሉ የባከነ ሀብት ነበር፤ ስለዚህም ውሃውን በቦይ ጠልፎ ከረግረጉ ውጭ ለማሳለፍ የሚያስቡ ዕቅዶች በየዘመኑ ተነሥተዋል። የመሐንዲሱ ሒሳብ ስሕተት አልነበረበትም፤ የጐደለው፣ በእነዚያ ጥቂት ቢሊዮን ሜትር ኩቦች ላይ ማን እንደሚኖር አለመጠየቁ ነው።

በዚህ ውሃ ከሚኖሩት አንደኞቹ አኝዋዎች ናቸው። መንደራቸውን በወንዝ ዳር ሠርተው፣ በዝናም ወራት ከፍ ባለው መሬት ላይ ይዘራሉ፤ መስከረም አልፎ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ በተወው ርጥብ ደለል ላይ በቆሎና ማሽላ ዘርተው፣ ጠብታ ዝናም በማይወርድበት በበጋ ሁለተኛ መከር ይሰበስባሉ። ማዳበሪያውን የሚያመጣው ወንዙ ራሱ ነው። ኑዌሮች ከብት አርቢዎች በመሆናቸው በክረምት ውሃ ወደማይደርስበት ከፍታ ወጥተው ይሰነብቱና፣ በበጋ ሙላቱ ባበቀለው ሣር ላይ ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ዳር ይወርዳሉ። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ሰብእ ሊቅ በ1927 ዓ.ም. ወደ አኝዋ አገር ሄዶ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለ ኑዌርና ስለ አኝዋ ባሳተማቸው መጻሕፍት ይህን የውሃውን መምጣትና መሄድ የኑሯቸው ሥርዐት መሠረት አድርጎ ገልጾታል። ዓሣውም እንዲሁ ነው፤ ሙላቱ በሜዳው ሲሰፋ ቆሮሶውና አምባዛው ወደ ጥልቀት አልባው ውሃ ወጥተው ይራባሉ፣ ውሃው ሲጐድል በየኩሬው ይቀራሉ፣ ሰውም ያጠምዳቸዋል። የባሮ አኮቦ ተፋሰስ ከ100 የሚበልጡ የዓሣ ዝርያዎች የተመዘገቡበት፣ በዚህም ከኢትዮጵያ ተፋሰሶች ሁሉ ቀዳሚ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

በኢትዮጵያ መንግሥት በኩል የተደረገው ምርምር ዋና ዓላማው ልማት ነበር። የሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች የጋምቤላን ሜዳ መሬትና ውሃ አጥንተው በ1982 ዓ.ም. ግድም ሰነዳቸውን አቀረቡ፤ ታምስና ዩ.ኤል.ጂ. የተባሉት አማካሪ ድርጅቶች ደግሞ የተፋሰሱን አጠቃላይ ማስተር ፕላን በ1989 ዓ.ም. ለውሃ ሀብት ሚኒስቴር አስረከቡ። በአቦቦ ወረዳ በአልዌሮ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ የዚያ ዘመን ፍሬ ነው፤ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ እንዲይዝና ከ10,000 ሄክታር በላይ እንዲያጠጣ የታሰበ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ ከተጠናቀቀ በኋላ ለብዙ ዓመታት የሚያጠጣው እርሻ ሳያገኝ ቆመ። ግድብ የሚሠራ መሐንዲስ ማግኘት ከባድ አልነበረም፤ ውሃውን ማን፣ ለምን፣ በምን ሥርዐት እንደሚጠቀምበት አስቀድሞ ከሕዝቡ ጋር የሚመክር ግን አልተገኘም።

ወንዙን ሳያውቁ በወንዙ ሜዳ መስፈር የሚያስከፍለውን ዋጋ በቅርብ ዘመን ሁለት ነገሮች አሳይተውናል። ካሩቱሪ የተባለው የሕንድ ኩባንያ በ2003 ዓ.ም. 100,000 ሄክታር መሬት በኢታንግና በጅካዎ አካባቢ በኪራይ ወስዶ፣ የባሮን ውሃ በአፈር ክትር አግዶ በቆሎ ዘራ፤ በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ባሮ እንደ ልማዱ ሲሞላ ክትሩን አልፎ ሰብሉን አጠፋው፤ ውሉም በ2008 ዓ.ም. በመንግሥት ተሰረዘ። ሁለተኛው ይልቅ ልብ የሚነካ ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሣ የተሰደደው ሕዝብ ሌቹዎር በተባለ ሜዳ ላይ እንዲሰፍር ተደርጎ ነበርና፣ በዚያው ዓመት ክረምት ሜዳው በሙሉ በውሃ ተዋጠ፤ ከጦር አምልጠው የመጡ እናቶችና ሕፃናት በጭቃ ውስጥ ከረሙ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ጀዊ ወደሚባለው ሌላ ጣቢያ ተዛወሩ። በዚያ አገር የተወለደ ከብት ጠባቂ ልጅ ክረምት የት እንደሚያድርና የት እንደማያድር ያውቃል። ጣቢያው ከመቈርቈሩ በፊት እርሱን ጠርቶ መጠየቅና በመዝገቡ ያለውን የቈየ አኃዝ ገልጦ ማየት፣ የሁለት ቀን ሥራ በሆነ ነበር።

በዚህ ሜዳ የሚጓዘው ሰው ብቻም አይደለም። በ1960ዎቹ የተከለለው የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ነጭ ጆሮ ቆርኬ የሚባለው እንስሳ በየዓመቱ ከደቡብ ሱዳን ቦማ እየተሻገረ ወደ እኛ የሚመጣበት፣ ደግሞም የሚመለስበት ስፍራ ነው። በ2016 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን መንግሥት ባወጣው የአየር ቈጠራ ውጤት መሠረት በዚያ ወገን ብቻ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ነጭ ጆሮ ቆርኬዎች እንዳሉ ተገምቷል፤ እንደዚህ ያለ ታላቅ የእንስሳት ጉዞ በምድር ላይ ጥቂት ነው። ጉዟቸውን የሚመራው የውሃውና የሣሩ ወራት ስለ ሆነ፣ ሙላቱ ቢታገድ ወይም መንገዳቸው በእርሻ ቢታጠር የሚደርስባቸውን ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

የሜዳው ነገር ይህን ያህል ከተነገረ፣ የደጋው ጫካ ደግሞ ዝም ሊባል አይገባውም። በገባ ወንዝ አካባቢ ያለው የያዩ ጫካ በ2010 እ.ኤ.አ.፣ የሸካ ጫካ በ2012 እ.ኤ.አ.፣ በጋምቤላ ክልል ውስጥ ያለው የመዠንግር ጫካ በ2017 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ገብተዋል። ዶክተር ታደሰ ወልደ ማርያም ጎሌ በያዩ ጫካ ውስጥ ያደረጉት ምርምር፣ ቡና አረቢካ በተፈጥሮው በዱር የሚበቅልበት ይህ ጫካ ምን ያህል የተለያዩ ዘሮችን እንደ ያዘ አሳይቷል። የእኔ ትኩረት ግን ከቡናው ሥር ባለው አፈር ላይ ነው። ጫካው የዝናሙን ጕልበት ሰብሮ ውሃውን በሥሩ ቀስ እያደረገ ይለቃል፤ ጫካው ተመንጥሮ ለእርሻ ሲውል ግን ውሃው በአንድ ጊዜ ይወርዳል፣ አፈሩንም ይዞ ይሄዳል። በኢታንግ ያለው ገበሬ የዘራበት ደለልና ቤቱን የሚያፈርሰው ጎርፍ ሁለቱም የሚጀምሩት በሸካና በኢሉባቦር ከሚወድቀው ዛፍ ነው። ስለዚህ የደጋውን ደን የሚያጠኑና የቈላውን ውሃ የሚለኩ ሰዎች እስከ ዛሬ እንዳደረጉት በተለያየ ቢሮ፣ በተለያየ በጀት፣ ሳይተዋወቁ ከሠሩ፣ እያንዳንዱ የሚያገኘው የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው።

የአዲስ አበባው የምሥራቅ ናይል የቴክኒክ ቢሮ በ2017 እ.ኤ.አ. ያስጨረሰው የባሮ አኮቦ ሶባት ጥናት፣ ኢትዮጵያንና ደቡብ ሱዳንን በአንድ ካርታ ላይ አድርጎ ረግረጉን፣ ዓሣውንና ሕዝቡን ከውሃው ጋር አብሮ ለማየት በመሞከሩ ምስጋና ይገባዋል። የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትም ደቡብ ሱዳን ካጸደቀችው በኋላ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ ስለ ዋለ፣ ሁለቱ አገሮች ስለ ባሮ ሲመክሩ የሚቆሙበት የሕግ መሠረት ተገኝቷል።

አንባቢ ሆይ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ከእስካሁኑ ሁሉ ይከብዳል። በባሮ፣ በገንጂ፣ በገባና ታምስ በሚባለው ስፍራ የኤሌክትሪክ ኀይል ለማመንጨት የሚያስችሉ ግድቦች በእነዚያው ጥናቶች ውስጥ ተነድፈው ተቀምጠዋል፤ አገራችንም መብራት ስለሚያስፈልጋት አንድ ቀን መሠራታቸው አይቀርም፣ እኔም አልቃወምም። ነገር ግን ግድብ የክረምቱን ሙላት ይዞ በበጋ በእኩል መጠን የሚለቅ በመሆኑ፣ ባሮ በነሐሴ ዳርቻውን ማለፍ ካቆመ የአኝዋው የበጋ መከር፣ የኑዌሩ ሣር፣ የኩሬው ዓሣና የቆርኬው መንገድ አብረው ይቆማሉ። ከግድቡ በየነሐሴውና በየመስከረሙ ምን ያህል ውሃ፣ ለስንት ቀን፣ በየትኛው ሳምንት መለቀቅ እንዳለበት በኢታንግ፣ በጅካዎና በጊሎ ዳር ካሉ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ጋር ተቀምጦ የሚያጠና ሰው ያስፈልጋል፤ ይህንንም ሥራ ከሩቅ አገር አማካሪ ይልቅ የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ የአካባቢውን ቋንቋዎች የሚናገሩት የዚያው አገር ልጆች፣ የውሃ መለኪያ እየተተከለላቸውና ደመወዝ እየተከፈላቸው ቢሠሩት የበለጠ ይታመናል። የሚገኘውም መልስ የግድቡ ንድፍ ከመጽደቁ በፊት በውሉ ውስጥ እንደ አንድ አንቀጽ መግባት አለበት፤ ሲሚንቶው ከፈሰሰ በኋላ የመልቀቂያውን በር መጠን መለወጥ አይቻልም።