ከማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት

በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ ወደ አንድ የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል እሄዳለሁ። የምሠራበት ሬዲዮ ጣቢያ ክረምት ላይ ለልምምድ የሚቀበላቸውን ተማሪዎች ደብዳቤ የምረከበው እኔ ነኝ። ደብዳቤው እስኪፈረም፣ ማኅተም እስኪያርፍበት መጠበቅ የግድ ነው። ስጠብቅ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የማስታወቂያ ሰሌዳውን አነባለሁ።

ዘንድሮ ሰሌዳው ላይ አምስት ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። የመውጫ ፈተና መርሐ ግብር፤ የማስተርስ ተማሪዎች የዲፌንስ ቀን፤ ለልምምድ የተመደቡ ልጆች ስም ዝርዝር፤ ቀኑ ያለፈ የፕሬስ ነፃነት ቀን ውይይት ጥሪ። አምስተኛው ጥግ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ነበር፦ "ጥቁር ፍላሽ ጠፍቶብኛል። የመመረቂያ ሥራዬ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው። ያገኘ በፈጠራችሁ ይመልስልኝ።" ከአምስቱ በአማርኛ የተጻፈው ይህ ብቻ ነው። ልጁ የምር ሲጨንቀው የጻፈበት ቋንቋ ይህ ነበር።

ይህን የምጽፈው ለሙያ ባልደረቦቼ ብዬ አይደለም። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ዜና ለሚሰማው፣ ማታ ከሥራ ገብቶ ቴሌቪዥን ለሚከፍተው ሰው ነው። ስማቸው እዚያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ልጆች ነገ ስለ ዳቦ ዋጋ፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም የሚነግሯችሁ ናቸው። እንዴት እንደሚማሩ ማወቅ መብታችሁ ነው።

ከወረቀቶቹ ሁሉ ተማሪዎቹ የሚከቡት የመውጫ ፈተናውን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ተማሪ ሁሉ፣ ሐኪምም ይሁን ጋዜጠኛ፣ አገር አቀፉን ፈተና ወስዶ ቢያንስ 50 ከመቶ ማምጣት አለበት። ፈተናው በኮምፒዩተር የሚሰጥ፣ መልሱ ከአማራጮች የሚመረጥ ነው። ሐሳቡን አልቃወምም፤ ሳያነቡ መመረቅ እንዲቀር ያደርጋል። ነገር ግን ማይክ ይዞ በር ማንኳኳትን፣ ያዘነ ሰው ፊት እንዴት እንደሚቀመጡ ማወቅን የሚለካ የምርጫ ጥያቄ እስካሁን አላየሁም።

ቀኑ ያለፈው ጥሪ የሚያዝያ 25 ነበር። የዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀን ከአህጉራችን የተነሣ በዓል መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በ1983 ዓ.ም. የአፍሪካ ጋዜጠኞች ናሚቢያ፣ ዊንድሁክ ላይ ተሰብስበው ነፃና ብዝኃነት ያለው ፕሬስ እንዲኖር የሚጠይቅ መግለጫ አወጡ፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዕለቱን ዓለም አቀፍ ቀን ያደረገው ከዚያ በኋላ ነው። በ2011 ዓ.ም. ዋናው በዓል የተከበረው አዲስ አበባ ውስጥ ነበር። የካቲት ላይ ደግሞ የሬዲዮ ቀን አለ። በሁለቱም በዓላት ትምህርት ክፍሎቹ እንግዳ ይጋብዛሉ፣ ውይይት ይደረጋል፣ ሻይ ይጠጣል። ጥሩ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ግን የቀሩት ሁለት ወረቀቶች ናቸው፤ ልምምዱና ዲፌንሱ።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ለልምምድ ከመጡት አንዷ እጅግ ጎበዝ ነበረች። ግልብጥ ፒራሚድ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቃት ሳትደናቀፍ በእንግሊዝኛ አስረዳችኝ። ዋናው ነገር ከላይ፣ ዝርዝሩ ቀጥሎ፣ የኋላ ታሪኩ መጨረሻ። በማግስቱ አንድ ወረዳ ክረምቱን እንዴት እየጠበቀ እንደሆነ እንድታይ ላክኋት። ይዛው የመጣችው ዜና እንዲህ ይጀምራል፦

"የወረዳው አስተዳደር በመጪዎቹ የክረምት ወራት ሊከሰት የሚችለውን የጎርፍ አደጋ አስቀድሞ ለመከላከል የሚያስችሉ የቅድመ ዝግጅት ሥራዎችን ከሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት በትኩረት እየሠራ እንደሚገኝ አስታወቀ።"

"ምን አየሽ?" አልኳት ወረቀቱን አስቀምጬ።

"አምስት የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። ሦስቱን ጠርገዋል፤ ሁለቱ በቆሻሻ እንደተደፈኑ ናቸው። ከአንደኛው አጠገብ የሚኖሩ እናት አምና ጎርፍ ቤታቸው ገብቶ ያስፈጩትን ጤፍ እንዳለ እንደወሰደባቸው ነገሩኝ" አለችኝ በአንድ ትንፋሽ።

"ታዲያ ለምን እሱን አልጻፍሽውም?"

"እሱማ ወሬ ነው ጋሼ። ዜና አይመስልም።"

ይህ መልስ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። ቦዮቹን ቆጥራለች፣ ሴትዮዋን አነጋግራለች፤ ጋዜጠኛ የሚያደርገውን ሁሉ አድርጋለች። ልትጽፍ ስትቀመጥ ግን ያየችውን ትታ የተማረችውን ጻፈች። "ባለድርሻ አካላት" ከእናቷ አፍ የሰማችው ቃል አይደለም። "አቅም ግንባታ"ም፣ "በትኩረት እየተሠራ ይገኛል"ም እንዲሁ። ቃላቱ ከእንግሊዝኛ ሪፖርት ተተርጉመው ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ መግለጫ፣ ከመግለጫ ወደ ዜና ክፍል የገቡ ናቸው። በክፍል ውስጥ እንግሊዝኛውን ብቻ የሰማ ተማሪ አማርኛ ላይ ሲደርስ ተዘጋጅቶ የሚያገኘው ይህንኑ ነው።

ነገሩ የቃላት ብቻም አይደለም። በእንግሊዝኛ ግሱ ከባለቤቱ አጠገብ ይቆማል፤ ማን ምን እንዳደረገ ገና ከጅምሩ ይታወቃል። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ጋዜጣ አንባቢ ቢጠፋበት ወደ ኋላ ተመልሶ ያነባል። የሬዲዮ አድማጭ ግን ከሃያ በላይ ቃል በጆሮው አንጠልጥሎ "ታዲያ ምን ሆነ?" እያለ ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ የሚደርሰው "አስታወቀ" ነው። ስለዚህ "ዋናውን ነገር አስቀድም" የሚለው ትእዛዝ በአማርኛ ሌላ ብልሃት ይጠይቃል፤ ዓረፍተ ነገሩን ማሳጠርና ግሱን ቶሎ ማምጣት። ልጅቷ እንደገና ጻፈችው፦ "ወረዳው ከአምስት የጎርፍ መውረጃ ቦዮች ሦስቱን አስጠርጓል። ሁለቱ አሁንም እንደተደፈኑ ናቸው።" ግሱ ሁለት ጊዜ መጣ፤ አድማጩም ምንም ሳያንጠለጥል ነገሩን ያዘ።

እኔን ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ ሳይሆን የመጀመሪያው አርታኢዬ ነው። የጻፍኩትን ወረቀት አይቀበለኝም ነበር። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ "አንብብልኝ" ይላል። ትንፋሽ ሲያጥረኝ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር ጣቱን ያነሣል። እዚያ ጋ አራት ነጥብ አደርጋለሁ። ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ አነበብኩለት። መጥበቅና መላላት ላይ ደግሞ ምሕረት አልነበረውም። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አይጽፍም። "አለ" ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ መኖርን ይገልጻል። "ዋና" ሲላላ ውሃ ውስጥ የሚዋኙት ነው፤ ሲጠብቅ ቀዳሚው። "ይመታል" የሚለው ቃል ላልቶ ከተነበበ ሰውየው መቺ ነው፤ ጠብቆ ከተነበበ ተመቺ። አንድ የዜና አንባቢ አስቀድሞ ድምፁን አውጥቶ ካላነበበ በዳዩን ተበዳይ አድርጎ ለሕዝብ ሊያቀርብ ይችላል። ይህን ትምህርት ከለንደን ወይም ከኒው ዮርክ የመጣ የጋዜጠኝነት መጽሐፍ ሊሰጠን አይችልም። መጻፍ ያለብን እኛው ነን።

ድሮማ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት አልነበረም። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭቱን ሲከፍት፣ አብዛኛው ጋዜጠኛ ሙያውን የተማረው እየሠራ ነው። ጋዜጠኛው ጳውሎስ ኞኞ መደበኛ ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሆኖም በአዲስ ዘመን ላይ "አንድ ጥያቄ አለኝ" በሚለው አምዱ አገር ምድሩን ሲያወያይ ኖሯል። አንባቢ የጠየቀውን አንባቢው በሚገባው አማርኛ ይመልስ ነበር። በኋላ የመገናኛ ብዙኃን ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት መጣ፤ እሱም ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃለለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በኖርዌይ ድጋፍ የድኅረ ምረቃው ትምህርት ተጀመረ፤ ዛሬ ከባሕር ዳር እስከ ሐረማያ ትምህርት ክፍሎች አሉ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስ የሚል ሰው ካለ አልስማማም። የጳውሎስን ተሰጥኦ ሁሉም አይታደልም። ለቀረነው ትምህርት ቤት ያስፈልገናል።

የእንግሊዝኛው ነገርም ምክንያት አለው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ወስኗል። በአንድ ክፍል ውስጥ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ፣ ሲዳምኛ አፋቸውን የፈቱ ልጆች አብረው ይቀመጣሉ፤ አንዱን ቋንቋ መርጦ ሌላውን መግፋት አይገባም። መጻሕፍቱም በእንግሊዝኛ ናቸው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሆኖም እነዚህ ልጆች ተመርቀው በኦሮምኛም በሶማልኛም ዜና ሲሠሩ የሚገጥማቸው ያው የእኛ ችግር ነው፤ በተማሩበት ቋንቋ አይሠሩም፣ በሚሠሩበት ቋንቋ አልተማሩም።

ወደ ዲፌንሱ ልመለስ። ለማያውቅ አንባቢ፣ ዲፌንስ ማለት የማስተርስ ተማሪ የማሟያ ጽሑፉን በገምጋሚዎች ፊት የሚያቀርብበትና የሚከላከልበት መድረክ ነው። ብዙውን ጊዜ ሰኔ ላይ ይደረጋል። አማካሪው ይኖራል፣ ገምጋሚዎች ይኖራሉ፣ ከኋላ ወንበር ላይ የሚጨነቁ ጓደኞችና አልፎ አልፎ ነጠላ የለበሱ እናት አሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብዳቤው ዘግይቶ ሰኔ ላይ ስጠብቅ ዝናብ መጣና አንዱ አዳራሽ ገባሁ። አንዲት ተማሪ የገጠር ሴቶች የግብርና ሬዲዮ ፕሮግራም እንዴት እንደሚከታተሉ ያጠናችውን ታቀርብ ነበር። ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነው። ገምጋሚው አንድ ጥያቄ ሲጠይቃት ቃል ጠፋባት። ዝም አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ገምጋሚው መነጽሩን አወለቀና "ግድየለም፣ በአማርኛ ንገሪን" አላት።

ከዚያ በኋላ የሰማሁትን አልረሳውም። ልጅቷ አሥር ደቂቃ ያህል ተናገረች። አንዲት ሴት "ሬዲዮው ከባለቤቴ ጋር ይወጣል፣ ከባለቤቴ ጋር ይገባል" እንዳለቻት፤ ፕሮግራሙ የሚተላለፈው ሴቶቹ ውሃ ሊቀዱ በሚወርዱበት ሰዓት እንደሆነ፤ ቡና በሚጠጡበት ሰዓት፣ ሁሉም ቁጭ ብለው ጆሮ በሚኖራቸው ጊዜ፣ ጣቢያው ሙዚቃ ብቻ እንደሚለቅ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እናቷ ከኋላ ሆነው ሲሰሙ፣ ልጃቸው ሁለት ዓመት ምን ስትሠራ እንደቆየች የገባቸው ያን ጊዜ መሆኑ ከፊታቸው ይነበብ ነበር። እኔም ወደ ጣቢያ ተመልሼ የአንድ ፕሮግራማችንን ሰዓት እንድንፈትሽ ሐሳብ አቀረብኩ።

በኋላ ጽሑፉን አግኝቼ አነበብኩት። ያ ሁሉ ነገር ግማሽ ገጽ ውስጥ ነበረ፤ የሴትዮዋ ንግግር ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ መውጣትና መግባቱ ጠፍቶ "ሬዲዮውን የሚቆጣጠረው ባል ነው" ሆኗል። ሐሳቡ አልተሳሳተም፤ ሴትዮዋ ግን እዚያ የለችም። ጽሑፉንም እሷ አታነበውም። እሷን የሚያገለግለው የወረዳ ሬዲዮ ጋዜጠኛም፣ ጊዜ ቢኖረው እንኳ፣ መቶ ገጽ እንግሊዝኛ ገልጦ አያያትም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ጥናቶችን ማንም ሰው በነፃ እንዲያነባቸው በኢንተርኔት አስቀምጧል፤ ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። በሩ ተከፍቷል፤ የቀረው የገባው ሰው የሚረዳው ቃል ማግኘቱ ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍሎቹ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከባድም አይደለም። እያንዳንዱ የማሟያ ጽሑፍ ጥናቱ በተደረገበት ሕዝብ ቋንቋ የተጻፈ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ ይኑረው። ሲዳማ ላይ ከተጠና በሲዳምኛ፣ ጎጃም ላይ ከተጠና በአማርኛ። ከዲፌንሱ በፊት ያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የማኅበረሰብ ሬዲዮ ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች በአየር ላይ ያንብቡት። ተማሪው ሁለት ሳምንት ይጨነቅበታል፤ ያ ጭንቀት ግን ከየትኛውም ፈተና በላይ ጋዜጠኛ ያደርገዋል፤ ያጠናውን ነገር ላጠናቸው ሰዎች መንገርን ይለማመዳልና።

ለአንባቢም አንድ ቃል አለኝ። የዘንድሮው ዲፌንስ ሰኔ ላይ ነው። የምትኖሩበት ከተማ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል ካለው፣ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሂዱና ሰሌዳውን ጠይቁ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ለጥያቄ ዕድል ሲሰጥ እጃችሁን አውጡና በአማርኛ ጠይቁ።