ስሕተቱ ከማተሚያው ነው ወይስ ከሞርሳው?

ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ከሌላው ቀን የበለጠ ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል። ምጽዋት የሚሰጠው፣ ጧፍ የሚገዛው፣ ከታክሲ ረዳት መልስ የተቀበለው ሁሉ መዳፉ ላይ ያለውን ብዙም ሳያየው ያሳልፈዋል። አልፎ አልፎ ግን ዓይን የሚይዝ ሳንቲም ይገኛል፤ ጠርዙ የተገመጠ፣ አንበሳው ወደ ዳር የሸሸ፣ ቀለሙ የተለወጠ ወይም ጽሑፉ ተደርቦ የሚታይ። ያገኘው ሰው ወዲያው ትዝ የሚለው በስልኩ ያየው ወሬ ነው። ስሕተት ያለበት ሳንቲም በውድ ይገዛል የሚለው ወሬ በቴሌግራምና በቲክቶክ በየጊዜው ይዞራል።

ወሬው ከመሠረቱ ሐሰት አይደለም። ከማተሚያው ስሕተት ይዘው የወጡ ሳንቲሞችን ፈልገው የሚገዙ ሰብሳቢዎች በዓለም ዙሪያ አሉ። ችግሩ ስሕተት ተብለው የሚታዩት ብዙዎቹ ከማተሚያው በሰላም ወጥተው ኋላ በመዶሻ፣ በሞረድ፣ በሞርሳ ወይም በአሲድ የተጎዱ መሆናቸው ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ለሰብሳቢ ዋጋ አለው፤ ሁለተኛው የተበላሸ ሳንቲም ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሁለቱን ለመለየት ዋናው መንገድ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ ሳንቲም የሚመታው ማሽን ይህን ሊያደርግ ይችላል?

ሳንቲም እንዴት ይሠራል?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ማሽኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ሥራው ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ረጅም የብረት ዝርግ ክብ ክብ ሆኖ ይቆረጣል፤ ሊጥ ዳምጦ በብርጭቆ አፍ ብስኩት እንደሚቆርጥ ሰው ማለት ነው። ቀጥሎ ባዶው ክብ ብረት ጠርዙ ዙሪያውን ይጨመቅና ከፍ ያለ ከንፈር ይወጣለታል። በመጨረሻ በብረት ቀለበት ውስጥ ተቀምጦ ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ማኅተሞች መካከል በከባድ ኃይል ይመታል። በዚያች ቅጽበት ብረቱ ተገፍቶ የማኅተሙን ጎድጓዳ ሁሉ ይሞላል። በጤናማ ሳንቲም ላይ አንበሳውም ሆነ ፊደሉ ከመደቡ ከፍ ብሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

እውነተኛ ስሕተት ከእነዚህ ደረጃዎች በአንዱ ላይ ይፈጠራል። ከዚያ ውጭ የሆነው ሁሉ የሰው እጅ ወይም የዕድሜ ሥራ ነው።

የተገመጠ ጠርዝ

ዝርጉ በማሽኑ ውስጥ በቂ ያህል ሳይገፋ ከቀረ መቁረጫው ቀድሞ በተቆረጠው ቀዳዳ ላይ ደርቦ ይቆርጣል። ክቡ ብረትም በአንድ ጎኑ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጉድለት ይዞ ይወጣል። ይህ እውነተኛ ስሕተት ነው። ግን በሞረድ ወይም በብረት መቀስ አስመስሎ ለመሥራትም ቀላል ነው።

መለያው ያለው ከጉድለቱ ትይዩ ባለው ጠርዝ ላይ ነው። ከንፈሩ እንዲወጣ ብረቱ ከሁለት ተቃራኒ ጎን መጨመቅ አለበት። በአንደኛው ጎን ብረት ከሌለ በትይዩው ጎን በቂ ግፊት አይፈጠርም። ስለዚህ በእውነተኛው ሳንቲም ላይ ከጉድለቱ ፊት ለፊት ያለው ከንፈር ብዙውን ጊዜ የሳሳ ወይም የጠፋ ይሆናል። በሞረድ የተበላው ግን ሲመታ ሙሉ ስለነበረ ትይዩው ከንፈር እንዳለ ነው። ፊደሎቹንም ይመልከቱ። በእውነተኛው ላይ ከጉድለቱ አጠገብ ያሉት ፊደሎች ወደ ጉድለቱ ሳብ ያሉ ይመስላሉ፤ በተቆረጠው ላይ ግን ፊደሉ በስለት እንደተበጠሰ ቆሞ ይቀራል። የሞረድ ጭረትም በአጉሊ መነጽር ይታያል።

ከፍ ያለና የጎደጎደ

ሁለተኛው መመሪያ በሁሉም ሳንቲም ላይ ይሠራል። ማኅተም ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ በሚመታበት ጊዜም ብረቱ ገብቶ ስንጥቁን ይሞላዋል። በሳንቲሙ ላይ የሚወጣው መስመር ከመደቡ ከፍ ያለ ነው። ምስማር የቧጨረው መስመር ደግሞ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው። ሳንቲሙን በመብራት ሥር አጋድሞ ጥላው በየትኛው በኩል እንደሚወድቅ ማየት ሁለቱን ይለያል።

ከዚህ መመሪያ የሚወጣ አንድ ዓይነት አለ። የተመታ ሳንቲም ማኅተሙ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ቀጥሎ የሚገባው ብረት የእሱን ምስል ተገልብጦና ጎድጉዶ ይቀበላል። ይህን ብዙ ጊዜ በሞርሳ ያስመስሉታል፤ ሁለት ሳንቲም ደርበው ያጠብቁና አንዱ በሌላው ላይ እንዲታተም ያደርጋሉ። እውነተኛው ላይ የተገለበጠው ምስል ብቻውን ነው፤ ሌላኛው ፊቱም ጥርት ብሎ የተመታ ነው። በሞርሳ የተጨመቀው ላይ ግን የሳንቲሙ የራሱ ምስል ተደፍጥጦ ከሥር ይታያል፣ ሌላኛው ፊቱም ከሞርሳው ጥርስ ጠፍጥፎ ይገኛል።

ባለ ሁለት ብረቱ 1 ብር

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የ1 ብር ሳንቲም ከሁለት ብረት የተሠራ ነው፤ ቀለበትና መሀል አለው። ብዙ ሰው ስሕተት ነው ብሎ የሚያሳየው መሀሉ ከቀለበቱ አንጻር የዞረበትን ነው። ይህ ከማተሚያው ሊወጣ አይችልም። ሁለቱ ብረቶች የሚጋጠሙትና የሚታተሙት በአንድ ምት ነው፤ የመሀሉን ምስልና የቀለበቱን ጽሑፍ የያዘውም አንድ ማኅተም ነው። ስለዚህ መሀሉ ዞሮ ከተገኘ አንድ ሰው መትቶ አውጥቶ መልሶታል ማለት ነው።

እውነተኛው ስሕተት የሚሆነው መሀሉ ቦታውን ስቶ ወደ ቀለበቱ ገብቶ ሳለ ምስሉ ግን በሁለቱም ብረት ላይ ሳይቋረጥ ሲያልፍ ነው።

የተቀባና የተበላ

ቀለም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እሳት፣ ላብ፣ ኬሚካልና ዘመን የሳንቲምን መልክ ይለውጣሉ፤ ብረት የሚነከርባቸው ወርክሾፖችም ማንኛውንም ሳንቲም ብርማ ወይም ወርቅማ ማድረግ ይችላሉ። የባትሪ አሲድ ውስጥ የተዘፈዘፈ ሳንቲም ደግሞ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሳሳል፤ ፊደሎቹ ይቀጥናሉ፣ ጠርዙ ይሟሽሻል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ይህን ቀጭን ሳንቲም በተሳሳተ ብረት ላይ የታተመ ነው እያሉ የሚሸጡ አሉ።

መንግሥት ራሱ የቆረጠው 25 ሳንቲም

ሳንቲም ቀብቶ ማታለል በአገራችን አዲስ አይደለም። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር የተካው አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ 1936 የሚል ዓመት የያዙ ሳንቲሞች አብረውት ወጡ። 1፣ 5፣ 10 እና 25 ሳንቲሙ መዳብ፣ 50 ሳንቲሙ ብር ነበር። 25 ሳንቲሙና 50 ሳንቲሙ በስፋት ይቀራረቡ ስለነበር አታላዮች መዳቡን 25 ሳንቲም ብር እየቀቡ በ50 ሳንቲም ያሳልፉት ጀመር።

መንግሥት ክቡን 25 ሳንቲም ሰበሰበና በ1944 ዓ.ም. ገደማ ጠርዙ ሞገድ ሞገድ በሆነ ሳንቲም ተካው። በዓይንም በጣትም የሚለይ ሆነ። ከክቦቹ የተወሰኑት እዚሁ አዲስ አበባ ጠርዛቸው እየተቆረጠ ተመልሰው ወጡ። ዛሬ ባለ ሞገዱ 25 ሳንቲም ሻካራና ንጹሕ ጠርዝ ይዞ በሁለት መልክ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ሻካራውን ያየ ሰው በቤት የተገዘገዘ ነው ብሎ ሊጥለው ይችላል፤ እርሱ ግን ሕጋዊና ታሪክ ያለው ሳንቲም ነው። ማሽኑን ከማወቅ ጋር የሳንቲሙን ታሪክ ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ልዩነት ሁሉ ስሕተት አይደለም

1969 የሚል ዓመት ያለባቸው የደርግ ዘመን ሳንቲሞች ላይ የአንበሳው ራስ አንዳንዱ ላይ ተለቅ፣ አንዳንዱ ላይ አነስ ይላል። ይህ በተለያየ ማኅተም ስለተመቱ የመጣ ልዩነት ነው። ዓመቱም ቢሆን ሳይለወጥ ከ1969 በኋላ ለተመቱትም አገልግሏል። በአፄ ምኒልክ ብሮች ላይም አንበሳው አንዳንዱ ላይ ግራ እግሩን፣ አንዳንዱ ላይ ቀኝ እግሩን አንሥቶ ይታያል። ሰብሳቢዎች እነዚህን በዓይነት ይለዩዋቸዋል እንጂ ስሕተት አይሏቸውም።

በቤትዎ የሚያደርጉት ምርመራ

በመጀመሪያ ተመሳሳይ ዋጋና ዓመት ያለው ጤናማ ሳንቲም አጠገቡ ያስቀምጡ። ያለ ማነጻጸሪያ የሚሰጥ ፍርድ ግምት ነው።

ቀጥሎ ይመዝኑ። የወርቅ ቤት ሚዛን ለዚህ ይበቃል። ለምሳሌ የ1969ኙ ናስ 10 ሳንቲም 4.5 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ማርያ ቴሬዛ ደግሞ 28 ግራም ነው። በሞረድና በአሲድ የተጎዳ ሳንቲም ይጎድላል። በመዶሻ ተጠፍጥፎ የሰፋ ግን ክብደቱ አይለወጥም፤ ስለዚህ ስፋቱንም ይለኩ።

ከዚያ ማግኔት ያስጠጉ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ቁራጭ ይሆናል። የ1969ኙ 10 ሳንቲም ናስ ስለሆነ አይሳብም፤ 1996 የሚለው ግን ናስ የተቀባ ብረት ስለሆነ ይሳባል። ከዓመቱ ጋር የማይስማማ ውጤት ካገኙ ሳንቲሙ ለባለሙያ ሊታይ ይገባዋል።

በመጨረሻ ጠርዙን ይመልከቱ። ማርያ ቴሬዛ ጠርዟ ላይ ጽሑፍ የተቀረጸው ሰው እየሞረደ ብሩን እንዳይሰርቅ ነው። አጭበርባሪ ፊቱን ሲያሳምር ጠርዙን ይረሳል። የትራፓኖ ቀዳዳ፣ የብየዳ ምልክት፣ ሁለት ግማሽ ሳንቲም የተጣበቀበት ቀጭን መስመር የሚገኘው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው።

አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አያድርጉ። ሳንቲሙን በሎሚ፣ በአመድ ወይም በኮምጣጤ አይሹት። ማጽዳት የላይኛውን መልክ ይገፍፈዋል፤ እውነተኛውን ስሕተት ከተጎዳው ጎራ ያስገባዋል፤ ዋጋውንም ያሳንሰዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ገንዘብ መሥራትን ብቻ ሳይሆን፣ በሥራ ላይ ያለን ሳንቲም በሙሉ ዋጋው ለማሳለፍ አስቦ መሞረድንና መቁረጥንም ይቀጣል። የተጎዳ ሳንቲም እጅዎ ገብቶ መገኘቱ ወንጀል አይደለም። ሆን ብሎ አበላሽቶ በሐሰት ታሪክ ለሰው መሸጥ ግን ማታለል ነው፤ ጉዳዩም ከልደታ ማርያም ብዙም ከማይርቀው ልደታ ፍርድ ቤት ሊያደርስ ይችላል።

ስለዚህ ከአያት የወረሱት የሳንቲም ጣሳ ካለ ሳያጸዱ፣ ሳይቆርጡና ሳይቀቡ እንዳለ ያቆዩት። ሻጭ ስሕተት ያለበት ሳንቲም ይዞ ሲመጣ ደግሞ ማሽኑ ይህን እንዴት እንደሠራው ያስረዳዎት። አስረድቶ ሚዛኑም ከተስማማ ስለ ዋጋ ይነጋገሩ፤ ማስረዳት ካልቻለ ግን ገንዘብዎን አይስጡ።