የእረኛ አለቃና የስካውት ማዕረግ

በይፋግና በፎገራ ሜዳ ልጅ ሥራ የሚጀምረው ከጥጃ ነው። ጠና ሲል በግ፣ ጎረምሳ ሲሆን ላምና በሬ ያግዳል። እረኞችም አለቃ አላቸው። ከብት ማሳ ሲገባ «ተረኛው ይመልስ!» ብሎ የሚያዝ እሱ ነው።

ቦይ ስካውት የሚባለውም እንዲሁ በዕድሜ ይከፈላል። ቤደን ፓወል የተባለ የእንግሊዝ ጄኔራል በ1907 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሃያ ያህል ልጆች ይዞ ደሴት ላይ ሰፈረ። በአራት ጓድ ከፍሎ፣ ለየጓዱ ከልጆቹ መካከል ከፍ ያለውን መሪ አደረገ። አንደኛው ጓድ «ኮርማ» ይባል ነበር፤ የፎገራ ሰው ቢሰማ ደስ ይለዋል። የትንንሾቹ ክፍል በ1916 ተጨመረ። በአገራችንም በንጉሡ ዘመን በከተማ ትምህርት ቤቶች ስካውት ነበረ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ተቋረጠ፤ ቆይቶ እንደገና ተቋቋመ።

ማዕረግ ግን በዕድሜ ብቻ አይገኝም። ልጁ ገመድ መቋጠር፣ እሳት ማንደድ፣ ቁስል ማሰር ይፈተናል። በጥንቱ ደንብ አንደኛ ማዕረግ የሚሻ ልጅ ሃምሳ ሜትር ያህል ዋኝቶ ማሳየት ነበረበት።

እኛ ዘንድ ፈታኝ የለም። በክረምት ርብ ሞልቶ ሜዳው ሲጥለቀለቅ፣ የጥጃ ጠባቂውን ልጅ «ላሟን ከውኃው መልስ» ብሎ የሚልከው ወይም የሚያስቀረው አባቱ ነው።