ቀን ያልተቆረጠለት ቧንቧ

ኤፕሪል 1 ቀን 2018 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንድ ጎታች መርከብ ከፊቱ የጭነት ጀልባ እየገፋ በሚሺጋንና በሂውረን ሐይቆች መካከል ባለው ሰርጥ ያልፍ ነበር። መልህቁ በወጉ አልታሰረም ነበርና ሰንሰለቱ ተለቆ ወረደ፤ ብረቱም የሐይቁን ወለል እያረሰ ተጎተተ። መርከበኞቹ አላወቁም። መልህቁ ከውሃው ሥር የተዘረጉ የኤሌክትሪክ ገመዶችን አበላሽቶ፣ በውስጣቸው የነበረውን ከ2,000 ሊትር በላይ የማገጃ ፈሳሽ ሐይቁ ውስጥ አፈሰሰ። እዚያው አካባቢ ጎን ለጎን የተጋደሙ ሁለት የነዳጅ ቧንቧዎችም አሉ። እነሱንም ሦስት ቦታ ላይ ጎድጎድ አድርጓቸው አለፈ።

አልተበሱም። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዳርቻ ከአሥር ዓመት በላይ የዘለቀው ክርክር በዚህች አንዲት ቃል ላይ ይዞራል። አንዱ ወገን «ይኸው፣ መልህቅ እንኳ አልበሳቸውም» ይላል፤ ሌላው «የሚቀጥለውስ?» ብሎ ይጠይቃል።

ቧንቧዎቹ የካናዳው ኤንብሪጅ ኩባንያ «መስመር 5» ብሎ የሚጠራው የነዳጅ መስመር አካል ናቸው። መስመሩ ዊስኮንሲን ካለችው ሱፒሪየር ከተማ ተነሥቶ፣ ሚሺጋንን አቋርጦ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ሳርኒያ ይገባል። ርዝመቱ 1,038 ኪሎ ሜትር ነው፤ በቀን እስከ 540,000 በርሜል ቀላል ድፍድፍ ነዳጅና ፈሳሽ ጋዝ ያልፍበታል። ሰርጡ ጋ ሲደርስ አንዱ ትልቅ ቧንቧ ለሁለት ይከፈልና ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ በውሃው ወለል ላይ ይጓዛል። የሰርጡ ስም ሲጻፍ መጨረሻው ላይ «ክ» አለው፤ ፈረንሳዮች የማይነበብ ፊደል ስለጨመሩበት ግን አገሬው ዛሬም «ማኪኖ» ይለዋል።

ስፋቱን ለመገመት ጣናን እናስብ። ሚሺጋንና ሂውረን በማኪኖ በኩል ስለሚገናኙ በውሃ ባለሙያ ዓይን አንድ ሐይቅ ናቸው፤ ሁለቱ ሲደመሩ ከሠላሳ ጣና ይበልጣሉ። የጣና ጥልቁ ቦታ 15 ሜትር ገደማ ሲሆን ቧንቧዎቹ የሚያልፉበት ሰርጥ 76 ሜትር ያህል ይወርዳል። አምስቱ ታላላቅ ሐይቆች በምድር ገጽ ላይ ካለው ጨው አልባ ውሃ አንድ አምስተኛውን ያህል ይይዛሉ፤ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው ይጠጣቸዋል። ቺካጎ ያለ ሐበሻ ቤት ጀበናው የሚሞላው በሚሺጋን ሐይቅ ውሃ ነው። ቶሮንቶ ታክሲ የሚነዳው ወንድሙ ደግሞ የሚቀዳው ቤንዚን ሳርኒያ ከተጣራው፣ ማለትም በዚሁ ቧንቧ ካለፈው ነዳጅ ሊሆን ይችላል። ክርክሩ ቶሎ የማይቋጨው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ውሃውንም ነዳጁንም የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ያው ሰው ነው።

ቧንቧው ሲዘረጋ አደጋ ያመጣል ብሎ ያሰበ ጥቂት ነበር። በ1947 አልበርታ፣ ሌዱክ ላይ ትልቅ የነዳጅ ክምችት ተገኘ፤ በ1950 ነዳጁ በቧንቧ እስከ ሱፒሪየር ደረሰ። ከዚያ ወዲያ በነዳጅ ጫኝ መርከቦች ሐይቆቹን እያቋረጠ ወደ ሳርኒያ ይጫን ነበር። ክረምት ሲገባ ሐይቁ በረዶ ይሆናል፤ መርከብ ይቆማል። ዓመቱን ሙሉ የማይቆም መንገድ አስፈለገ። ደግሞም በውሃው ላይ ነዳጅ ተሸክሞ ከሚንሳፈፍ መርከብ ይልቅ ወለሉ ላይ አርፎ የተኛ ብረት ለማንም ሰው የተሻለ ይመስላል። በ1953 ተሠርቶ አለቀ። ሁለቱን የሚሺጋን ምድሮች የሚያገናኘው ዝነኛው የማኪኖ ድልድይ እንኳ ገና አልነበረም፤ የተከፈተው በ1957 ነው።

የሐይቁ ወለል የግዛቱ ንብረት ስለሆነ ሚሺጋን በኤፕሪል 1953 የመተላለፊያ ፈቃድ ሰጠች፤ የተከፈላት 2,450 ዶላር ነው። ፈቃዱ ቧንቧው ከ75 ጫማ፣ ማለትም ከ23 ሜትር ገደማ በላይ ያለ ድጋፍ በውሃ ውስጥ እንዳይንጠለጠል ያዝዛል፤ ኩባንያው አስተዋይ ሰው የሚያደርገውን ጥንቃቄ ሁሉ እንዲያደርግም ያስገድዳል። የሚያበቃበትን ቀን ግን አይናገርም። ቤት ያከራየ ሰው እንኳ ውሉ ላይ ዘመን ይጽፋል። እዚህ አልተጻፈም፤ ከሰባ ዓመት በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ተጠቅልሎ ያለው በዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለብዙ ዓመታት ቧንቧው መኖሩን የሚያስታውስ አልነበረም። ያስታወሰው ሌላ ቦታ፣ ሌላ ቧንቧ ነው።

ጁላይ 25 ቀን 2010 አመሻሽ ላይ፣ በደቡብ ሚሺጋን ማርሻል ከተማ አጠገብ፣ የኤንብሪጅ «መስመር 6ለ» ሁለት ሜትር ያህል ተሰነጠቀ። ከመሬት በታች ያለው ብረት የተጠቀለለበት የፕላስቲክ ሽፋን ለቆ፣ በሥሩ ዝገትና ስንጥቅ ተጋግዘው ሲበሉት ቆይተዋል። በዚያ በኩል ስንጥቅ መሰል ነገር እንዳለ በ2005 የተደረገ ምርመራ አሳይቶ ነበር፤ ተቆፍሮ ግን አልታየም። ቧንቧው በተቀደደባት ደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው ኤድመንተን የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ደወል ጮኸ። ተቆጣጣሪዎቹ ግፊቱ መውረዱን አዩ፤ ቧንቧው ውስጥ ባዶ ክፍተት ተፈጥሯል፣ ነዳጅ ሲጨመር ይሞላል አሉ። ስለዚህ ፓምፑን ከፈቱት። ደወሉ ጮኸ። ዘጉት። እንደገና ከፈቱት። ፈረቃ ተቀየረ፤ አዲሶቹ ሠራተኞችም የቀደሙትን ግምት ተረከቡ። ቧንቧው ለይቶ የተዘጋው ከ17 ሰዓት በኋላ ነው፤ ያውም የአካባቢው የጋዝ ድርጅት ሠራተኛ ነዳጁን መሬት ላይ አይቶ ስልክ ስለደወለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2012 ባወጣው ዘገባ እንደደመረው፣ ከፈሰሰው 3.2 ሚሊዮን ሊትር ውስጥ 81 በመቶው የወጣው ፓምፑ እንደገና ከተከፈተ በኋላ ነው።

ነዳጁ ታልማጅ ጅረትን ይዞ ወደ ካላማዙ ወንዝ ገባ። ወፍራም የአልበርታ ነዳጅ ስለነበረ የቀጠነበት ቅመም ሲተን ቀሪው ሰመጠ፤ ከውሃ ላይ እንደሚገፈፍ ዘይት አልሆነም። የወንዙን ጭቃ መዛቅ ዓመታት ፈጀ፤ ወጪውም ከ1 ቢሊዮን ዶላር አለፈ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የማርሻሉ ቧንቧ የ1969 ሥራ ነው፤ ከማኪኖው በ16 ዓመት ያንሳል። የማኪኖዎቹ ግድግዳ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ የሚሸከሙትም ቀላል ነዳጅ ነው፤ ሰርጡ ውስጥ እስካሁን ፈስሶ አያውቅም። ኤንብሪጅ ይህን በየመድረኩ ያነሳል፤ ሐሰትም አይደለም። ታዲያ በተቃዋሚዎቹ ዘንድ የዘወትር መፈክር የሆነው «አርጅቷል» የሚለው ክስ ብቻውን ሩቅ አይወስድም። ማርሻል ያስተማረው ሌላ ነው፤ መሣሪያው ተናግሮ ሰው አላመነውም። መልህቁም እንዲሁ፤ ብረቱ ጤነኛ ቢሆንም ከላይ የሚያልፈው ዓለም ጤነኛ አልነበረም።

እርጅናው ጨርሶ የለም ማለት ግን አይደለም። የሰርጡ ሞገድ ከድጋፎቹ ሥር አሸዋውን እየጠረገ ቧንቧውን ያንጠለጥለዋል፤ ከተፈቀደው 23 ሜትር በላይ ተንጠልጥለው የቆዩ ክፍሎች ተገኝተዋል። ኩባንያው ወለሉ ላይ በብሎን የሚጠመዘዙ ድጋፎችን እየጨመረ ኖሯል። በ2017 ደግሞ ብረቱን ከውሃ የሚለየው የሬንጅ ሽፋን አንዳንድ ቦታ ተልጦ ብረቱ መጋለጡ ታወቀ፤ ልጣጩ የመጣውም ድጋፎቹ ሲተከሉ ነው። ለማጠንከር የተሠራ ሥራ ሽፋኑን ገሸለጠው። ቧንቧውን ዛሬ በካሜራ ያየ ሰው ደግሞ ብረት ሳይሆን ዛጎል ነው የሚያየው፤ ከባሕር ማዶ በመርከብ ውሃ ገብተው ሐይቆቹን የወረሩ ዛጎሎች ተጣብቀውበታል። እንቦጭን ለሚያውቅ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። በየብስ ላይ ያለው የመስመር 5 ክፍልም ንጹሕ ታሪክ የለውም፤ ብሔራዊ የዱር አራዊት ፌዴሬሽን በ2017 ከመንግሥት መዝገብ እንደቆጠረው ከ1968 ወዲህ ቢያንስ 29 ጊዜ አፍስሷል።

ማኪኖ ላይ ቢፈስስ ምን ይሆናል? ውሃው በአንድ አቅጣጫ አይሄድም፤ በየጥቂት ቀኑ ይገለበጣል። ሲበረታ በሰርጡ የሚያልፈው ውሃ በናያጋራ ፏፏቴ ከሚወርደው ከአሥር እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ዴቪድ ሽዋብ በ2016 በመቶዎች የሚቆጠሩ የአደጋ መላምቶችን በኮምፒውተር አስልቶ፣ እንደ ነፋሱና እንደ ሞገዱ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ዳርቻ ለአደጋ የተጋለጠ መሆኑን አሳየ። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይበከላል ማለት አይደለም፤ የትኛው እንደሚበከል አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም ማለት ነው። በዚያ ላይ ክረምት አለ። በረዶ በሸፈነው ውሃ ሥር የገባን ነዳጅ ማሳደድ ምን እንደሚመስል ማንም ሊያየው አይመኝም።

ኩባንያው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የሚያልፉ መርከቦችን ቀን ከሌት የሚከታተል ማዕከል ከፍቷል፤ በሰርጡ መልህቅ መጣል በሕግ ተከልክሏል፤ ማዕበሉ ከተወሰነ ከፍታ ሲያልፍ ቧንቧው ይዘጋል። የሚሺጋን የላይኛው ልሳነ ምድር ቤቶች ብዙዎቹ በክረምት የሚሞቁት በፕሮፔን ነው፤ ብዙው ፕሮፔን የሚመጣውም በዚሁ መስመር ነው። የኦንታሪዮና የኩቤክ ማጣሪያዎችም ይጠብቁታል። «ዝጉት» የሚሉት በባቡርና በከባድ መኪና ይተካል ይላሉ። ይተካል፤ ግን ባቡርም ይገለበጣል፣ መኪናም ይጋጫል። ይህን ሳይናገር የሚሟገት ወገን ግማሹን ሒሳብ ደብቋል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው የብረትና የነዳጅ መሆኑ ቀርቶ «አቁም የማለት ሥልጣን የማን ነው?» ወደሚለው ዞረ። የሚሺጋን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ዳና ኔሰል በጁን 2019 ከሰሰች። በኖቬምበር 2020 አገረ ገዥዋ ግሬቸን ዊትመር የ1953ቱን ፈቃድ ሰርዛ ቧንቧው እስከ ሜይ 2021 እንዲዘጋ አዘዘች። መከራከሪያዋ የቆየ የሕግ ሐሳብ ነው፤ በአማርኛ «የሕዝብ አደራ» ልንለው እንችላለን። የሐይቁ ውሃና ወለል መንግሥት እንደ ፈለገ የሚያደርገው ሀብት አይደለም፤ መንግሥት ለሕዝብ የያዘው አደራ ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሐሳቡን በ1892 በቺካጎ የሐይቅ ዳርቻ ጉዳይ ላይ አጽንቶታል። አደራ ደግሞ አይሸጥም፣ ቀን ሳይቆረጥለትም ለሌላ አይሰጥም ነው ነገሩ። ኤንብሪጅ ትእዛዙን አልተቀበለም፤ የቧንቧ ደኅንነት ሥልጣን የፌዴራል መንግሥት ነው አለ። ካናዳም ከአሜሪካ ጋር በ1977 የፈረመችውን የቧንቧ መተላለፊያ ስምምነት አነሣች። ነዳጁ በቧንቧው ማለፉን ቀጠለ።

የፍርድ ቤቱ ጉዞ ለሚከታተለው ሰው አንጀት ያሳርራል። ኤንብሪጅ የኔሰልን ክስ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት የወሰደው ከተከሰሰ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ሕጉ የሚሰጠው 30 ቀን ነው። በ2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጉዳዩን ወደ ግዛቱ መለሰው፤ በ2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኩባንያውን አቤቱታ ለማየት ተስማማ። ሊመረምር የተስማማው ሐይቁን አይደለም፤ ቧንቧውንም አይደለም። የ30 ቀኑ ገደብ ይራዘማል ወይስ አይራዘምም የሚለውን ነው።

«አቁም» ማለት የሚችል ሌላ ባለቤትም አለ። በዊስኮንሲን ባድ ሪቨር የሚባለው የኦጂብዌ ሕዝብ ይዞታ ላይ መስመር 5 ወደ 19 ኪሎ ሜትር ያልፋል። እዚህ ፈቃዱ ቀን ነበረው፤ የተወሰኑት ክፍሎች በ2013 አበቁ፤ ጎሳው በ2017 አላድስም አለ። ነዳጁ ግን አልቆመም። ይዞታው የዱር ሩዝ የሚበቅልበት ረግረግ ነው፤ ሰዎቹ «ማኖሚን» ይሉታል፤ በታንኳ እየሄዱ ዘለላውን በእንጨት እየመቱ ያራግፉታል። በይዞታው በሚያልፈው ወንዝ አንድ ጠመዝማዛ ላይ ውሃው ዳርቻውን እየናደ ወደ ቧንቧው እየቀረበ ነው። በ1963 መሐላቸው ወደ 100 ሜትር ነበር፤ በ2019 ከ10 ሜትር ያንስ ነበር፤ በ2023 ጎርፉ ጥቂት ሜትሮች ብቻ አስቀረ። የፌዴራሉ ዳኛ ዊልያም ኮንሊ በዚያው ዓመት ኩባንያው ለጎሳው ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍልና እስከ ጁን 2026 ከይዞታው እንዲወጣ አዘዙ። ሁለቱም ይግባኝ አሉ። ሚሺጋን ውስጥ ያሉት ጎሳዎችም በ1836 ስምምነት የተጠበቀላቸው የዓሣ ማጥመድ መብት እንዳለ ያስታውሳሉ፤ ስምምነቱ ከሚሺጋን ግዛትነት ይቀድማል።

ኤንብሪጅ ለሰርጡ ያቀረበው መፍትሔ ዋሻ ነው። ከሐይቁ ወለል በታች በዐለት ውስጥ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ተቆፍሮ፣ በኮንክሪት ተገንብቶ፣ አዲስ ቧንቧ በውስጡ ያልፋል። መልህቅ አይደርስበትም፤ ቢፈስስም ዋሻው ይይዘዋል። በ2018 አገረ ገዥው ሪክ ስናይደር ሥልጣን ሊለቅ ሳምንታት ሲቀሩት ውሉን አጸደቀ፤ የሚሺጋን የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን በዲሴምበር 2023 ፈቀደ፤ በ2025 የትራምፕ መንግሥት የኃይል አስቸኳይ ሁኔታ ሲያውጅ የፌዴራሉ ግምገማም ተፋጠነ። ለመልህቁ ሥጋት መልስ መሆኑን አልክድም። ዋሻው እስኪያልቅ ግን የ1953ቱ ቧንቧዎች በቦታቸው ይሠራሉ። በስምምነቱ መሠረት ዋሻው የግዛቱ ንብረት ይሆንና ለኤንብሪጅ ይከራያል። በዚህኛው ውል ላይ ዘመኑ ተጽፏል፤ 99 ዓመት ነው።