መጽሐፉ ሲዘጋ የሚጀምር ጥናት

ፈተና ሲቃረብ በየላይብረሪው የሚታየው አጠናን ተመሳሳይ ነው። ተማሪው ሀንድአውቱን ያነባል፣ ዋና ዋናውን በቀለም ያሰምራል፣ ሲጨርስ ተመልሶ ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራል። በሦስተኛው ዙር ዓረፍተ ነገሩ ገና ሲጀመር መጨረሻው ይመጣለታል። «አሁንስ ይዤዋለሁ» ብሎ ይተኛል። በማግስቱ ፈተና ክፍል ውስጥ ግን ነጥቡ በየትኛው ገጽ፣ በየትኛው ጥግ እንደነበረ እያስታወሰ፣ የተጻፈው ነገር ራሱ ይሰወርበታል። ወላጅ «አላጠናህም» ይለዋል። አጥንቷል፤ እንቅልፉን አጥቶ አጥንቷል። የጎዳው አጠናኑ ነው። አጠናኑን የሚያቃና ዕውቀት ከተገኘ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ተማሪው ጋ ግን በቅጡ አልደረሰም።

መርሳትን መጀመሪያ በቁጥር የለካው ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሀውስ ነው። ትርጉም የለሽ ክፍለ ቃላት አዘጋጅቶ፣ ተፈታኙም ፈታኙም ራሱ ሆኖ፣ ዝርዝሩን በቃሉ እስኪወጣው ያጠናል። ከዚያ ጊዜ አሳልፎ ያንኑ ዝርዝር ዳግመኛ ሲያጠና ምን ያህል ድካም እንደቀነሰለት ያሰላል። እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመው ውጤት እንደሚያሳየው ይህ ትርፍ ከ20 ደቂቃ በኋላ 58 በመቶ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 44 በመቶ፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34 በመቶ ገደማ፣ ከአንድ ወር በኋላ 21 በመቶ ነበር። መርሳት መጀመሪያ ላይ ይሮጣል፣ ወደ በኋላ ያዘግማል። እ.ኤ.አ. በ2015 የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሙከራውን ደግመውት ተቀራራቢ ውጤት አግኝተዋል። እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ የመጨረሻው ቁጥር ነው። ከወር በኋላ ጨርሶ የጠፋ የሚመስለን ነገር እንኳ አሻራውን ትቶ ይቆያል፤ ስንመለስበትም ይቀለናል።

ስለዚህ አሻራ ብዙ ያስተማረን አንድ ሕመምተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ የ27 ዓመት ወጣት፣ የሚጥል በሽታ ስለጸናበት የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪሙ ዊሊያም ስኮቪል በግራም በቀኝም ሂፖካምፐስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ትልቅ ድርሻውን ከነአካባቢው አወጣ። በሽታው ጋብ አለለት፤ አዲስ ነገር መያዝ ግን አቃተው። ጥቂት ደቂቃ የተለየውን ሰው እንደ እንግዳ ይተዋወቀዋል። ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር እጁን በመስታወት ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽ እንዲስል ስታደርገው እጁ ከቀን ወደ ቀን ተካነ፤ እሱ ግን በየቀኑ ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራው ይመስለው ነበር። ለካ የእጅ ልምድና የገጠመንን ነገር ማስታወስ በአንጎል ውስጥ መንገዳቸው ለየቅል ነው። ሌላም ነገር ታየ። የልጅነት ትዝታው አብሮት ነበር፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያሉት የቅርብ ዓመታት ግን ደብዝዘውበታል። ከዚህ በመነሳት፣ አዲስ ትዝታ በሂፖካምፐስ እየታገዘ ቀስ በቀስ በአንጎል ውጫዊ ሽፋን እንደሚደላደል፣ ለዚህም ጊዜ እንደሚፈልግ መታሰብ ጀመረ። ሞላይሰን እ.ኤ.አ. በ2008 እስኪሞት ድረስ ከተመራማሪዎች ጋር ተባብሯል፤ የዘመናችን የማስታወስ ሳይንስ ባለ ዕዳው ነው።

ጊዜ የሚያስፈልግበትን ምክንያት ተመራማሪው ኤሪክ ካንዴል በአንዲት የባሕር ቀንድ አውጣ ላይ አሳየ። ለአጭር ጊዜ የሚቆይ ትምህርት በነርቭ ሴሎች መካከል ያለውን ነባር ግንኙነት ለጥቂት ጊዜ ያጠነክራል። ለረጅም ጊዜ የሚዘልቀው ግን አዲስ ፕሮቲን እንዲመረት፣ አዳዲስ መገናኛዎችም እንዲበቅሉ ያደርጋል። ሥልጠናው በአንድ ቀን ከሚጨናነቅ ይልቅ በተለያዩ ቀናት ሲከፋፈል ውጤቱ እጅግ ይበረክታል። ካንዴል ለሥራው እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር ተጋርቷል።

ወደ ተማሪያችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2006 በሴንት ልዊስ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ ለተማሪዎች አጫጭር ጽሑፎች ሰጡ፤ አንዱ ስለ ፀሐይ፣ ሌላው ስለ አንድ የባሕር እንስሳ ነበር። የመጀመሪያው ቡድን ጽሑፉን በአራት የጥናት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ፤ በአማካይ 14 ጊዜ ገደማ ማለት ነው። ሌላው ቡድን በአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ፣ በአማካይ ከ3 ጊዜ እምብዛም ሳይበልጥ አንብቦ፣ በቀሩት ሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ሁሉ ባዶ ወረቀት ላይ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋጋሚ አንባቢዎቹ በለጡ፤ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ነገሩ ተገለበጠ። አንባቢዎቹ 40 በመቶ ላይ ወደቁ፣ ከራሳቸው እያወጡ የጻፉት 61 በመቶ ያዙ። «ከሳምንት በኋላ ምን ያህል ታስታውሳላችሁ?» ተብለው አስቀድመው ሲጠየቁ ግን ይበልጥ በራሳቸው የተማመኑት አንባቢዎቹ ነበሩ።

ይህን ማጤን ያስፈልጋል፤ ተማሪውን የሚያታልለው ይኸው ስሜት ነውና። ደጋግመን ያነበብነው ነገር ለዓይናችን ይለሰልሳል፣ ልስላሴውም ዕውቀት ይመስለናል። ፈተናው የሚጠይቀን ደግሞ ሳናይ እንድናወጣው ነው።

ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2008 ጥያቄውን አጠበቡት። አሜሪካውያን ተማሪዎች 40 የስዋሂሊ ቃላትን ከነፍቺያቸው እንዲያጠኑ አደረጉ። ግማሾቹ አንድን ቃል አንዴ በትክክል ከመለሱት በኋላም ስለዚያው ቃል ይጠየቃሉ፤ ሌሎቹ «ይህንስ ዐወቅከው» ተብለው ከመጠየቅ ይድናሉ። በትምህርቱ መጨረሻ ሁሉም ቃላቱን እኩል ያውቁ ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን መጠየቁ ያልተቋረጠባቸው 80 በመቶ ገደማ ሲያስታውሱ፣ የተቋረጠባቸው የያዙት አንድ ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው። ያወቁትን ቃል መልሶ ማንበቡ የጨመረላቸው ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ከራስ ማውጣት የተማርነውን ከመለካትም አልፎ ትምህርቱን ያጸናዋል።

ይህን አሠራር የእኛ አብነት ትምህርት ቤት ከኖረበት ዘመናት ተቆጥረዋል። የቃል ትምህርት የሚማር ልጅ ከመምህሩ ወይም ከታላቅ ተማሪ የተቀበለውን በቃሉ ይለዋል፤ ሲስት ይታረማል፤ ሳያጸናው ወደሚቀጥለው አይሻገርም፤ ያለፈውንም ይከልሳል። በዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ይህ ሁሉ «ሽምደዳ» ተብሎ በጅምላ መናቁ ያሳዝነኛል። ትርጉሙን ሳይረዱ መሸምደድ መጥፎ ነው፤ እዚያ ላይ እስማማለሁ። ግን አንድ ተማሪ ደብተሩን ዘግቶ የፎቶሲንተሲስን ሂደት በራሱ አነጋገር ከመነሻው እስከ መድረሻው ሲያስረዳ የሚሠራው ሥራ ከሽምደዳ እጅግ የራቀ ነው። የጎደለውን እዚያው ያገኘዋል፣ ደብተሩን ሲከፍትም የሚፈልገውን ያውቃል።

መምህራን ሆይ፣ ክፍለ ጊዜውን ስትጀምሩ ባለፈው ሳምንት ስላስተማራችሁት ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፤ ማርክ አትስጡበት፤ ልጆቹ ጽፈው ራሳቸው ይረሙት። ተማሪም ብትሆን ዛሬ ያነበብከውን ገጽ ገልብጠህ የምታስታውሰውን ጻፍ። ነገም፣ ከሳምንት በኋላም እንዲሁ አድርግ። መጀመሪያ ላይ ይከብድሃል፣ ምንም እንደማታውቅ ይሰማሃል። ስለ ክብደቱ አትተወው።